ቲንኤጀሮች ይዞ ሃዋይ ቢግ አይላንድ መሄድ፦ ከእቅዱ እስከ መመለሻው

ኧረ አብደሃል እንዴ ነበር ያሉኝ፣ 11 ቲንኤጀር ይዤ እሳት የሚተፋ ተራራ ያለበት ደሴት ልሄድ ነው ስላቸው። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው ቀን ላይ እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። ግን ሄደን ሁሉም በእግሩ ተመለሰ፣ ከዛ ወዲህ እንዴት አደረጋችሁት የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። የማወራው ስለ ሃዋይ ቢግ አይላንድ ነው፣ ሆኖሉሉ ያለችበት ደሴት ኦዋሁ ነው፣ እሱ ሌላ ነው። ሰዓት የምጠራው በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ዓመቱን ግን በፈረንጆቹ።

1. መጀመሪያ ካርታ ክፈቱ፣ ትኬት በኋላ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ደሴት ሲባል በአንድ ቀን ዞሮ የሚጨረስ ይመስለዋል። ቢግ አይላንድ ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የቀሩት የሃዋይ ደሴቶች ቢደመሩ አያክሉትም። ምሥራቁ ሂሎ ነው፣ ዝናብ፣ ጫካ፣ ፏፏቴ። ምዕራቡ ኮና ነው፣ ደረቅ፣ ፀሐይ፣ ለዋና የሚመች ባሕር። የእሳተ ገሞራው ብሔራዊ ፓርክ ከሂሎ 45 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ከኮና ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ይነዳል፣ ያውም ለመሄጃ ብቻ።

እኛ መጀመሪያ ስምንቱንም ቀን ኮና አንድ ቤት ልንከራይ ነበር፣ ርካሽ ስላገኘን። እዛ የኖረች አንድ ሴትዮ ባትነግረን ኖሮ የጉዞው ግማሽ ቫን ውስጥ ያልቅ ነበር። ስለዚህ ለሁለት ክፈሉት፦ አራት ሌሊት ፓርኩ አጠገብ፣ ሦስት ሌሊት ኮና። ከቻላችሁ ሂሎ አርፋችሁ ከኮና ተመለሱ። ፓርኩ ጋ ያደርነው ናማካኒፓይዮ የሚባል ካምፕ ነው፣ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ረጃጅም ባሕር ዛፍ መሃል ነው፣ ቀደም ብላችሁ ቦታ ካልያዛችሁ ግን አታገኙም። ባሕር ዳር ባሉ የመንግሥት መናፈሻዎች ድንኳን መትከልም ፐርሚት ይፈልጋል፣ ደርሰን እናያለን አይሠራም።

ደግሞ የድሮ ቪዲዮ አይታችሁ ፕሮግራም አታውጡ። ዋይፒዮ ሸለቆ ለምሳሌ ኢንተርኔቱ ላይ ሁሉ ሰው ሲወርድበት ታያላችሁ፣ ከ2022 ጀምሮ ግን መንገዱ ለጎብኚ ዝግ ነው፣ በራሳችሁ ከሆነ ከላይ ከመመልከቻው ማየት ብቻ ነው የሚቻለው። እኛ አንዱን ሙሉ ቀን ለሱ ይዘንለት ነበር።

2. ወረቀቱና ወላጆቹ

አሰልቺ ነው ግን አትዝለሉት። ከያንዳንዱ ወላጅ ፈርሞ የሚሰጥ ፈቃድ፣ የጤና መድን ካርድ ኮፒ፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ አለርጂ፣ ሌሊትም ቢሆን የሚነሳ ስልክ ቁጥር። ለ11 ልጅ አራት አዋቂ ነበርን፣ ከዛ ቢያንስ ከባድ ነው፣ ምክንያቱም አንድ ልጅ ቢታመም አንድ አዋቂ አብሮት ይቀራል፣ አንዱ ይነዳል፣ የቀሩት ሁለቱ ናቸው አሥሩን የሚጠብቁት። ሹፌሮቻችሁ ከ25 ዓመት በላይ ይሁኑ፣ ከዛ በታች ከሆኑ የመኪና አከራዮች ተጨማሪ ያስከፍላሉ።

ሁለት ጥያቄ ላይ ግን ድርቅ በሉ። አንደኛው አስም ነው። ኪላዌያ፣ ፓርኩ ውስጥ ያለው እሳተ ገሞራ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ እሱ አየር ላይ ተቀላቅሎ ቮግ የሚሉት ጭጋግ ይሆናል፣ ጤነኛውን ሰው ጉሮሮ ይከረክረዋል፣ አስም ያለበትን ግን ሊጥለው ይችላል። ተራው የአቧራ ማስክ ደግሞ ጋዝ አያስቆምም። አስም ያለበት ልጅ ኢንሄለሩ ኪሱ ውስጥ መሆን አለበት፣ ቫን ውስጥ ያለው ሻንጣ ውስጥ አይደለም፣ ሌላ ትርፍ ደግሞ አዋቂው ጋ።

ሁለተኛው ዋና ነው። "ልጄ ዋና ይችላል" የሚለውን ወላጅ አትመኑ፣ ልጁንም አትመኑ። እኛ ከመሄዳችን ሦስት ሳምንት በፊት ሁሉንም ገንዳ ወስደን 200 ሜትር ሳያርፉ እንዲዋኙ፣ ከዛ 10 ደቂቃ እግራቸው ሳይነካ እንዲንሳፈፉ አደረግን። ጥሩ ይዋኛሉ ከተባሉት ሦስቱ 50 ሜትር ላይ ጠርዝ ያዙ። አንዱማ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ ነው፣ ለካ ዕድሜውን ሙሉ ዋናው ቁመቱ ነው። ሦስቱም ሃዋይ ላይ ላይፍ ጃኬት ለብሰው ነው የገቡት፣ መጀመሪያ አኮረፉ፣ ኤሊ ሲያዩ ረሱት።

3. ዕቃ

ጫማ ጫማ ጫማ። ሌላው ሁሉ ይደረስበታል። ላቫ፣ ከእሳተ ገሞራው የሚፈሰው የቀለጠ ድንጋይ፣ ሲበርድ ሁለት ዓይነት ነው፣ ስሙም የመጣው ከዛው ከሃዋዮች ቋንቋ ነው። ፓሆይሆይ የሚሉት ለስላሳ ነው፣ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ወይ እንደ ፈሰሰ ሊጥ ሆኖ የደረቀ። አአ የሚሉት ደግሞ የተሰባበረ ስል ድንጋይ ነው፣ ስሙ ራሱ ባዶ እግር የረገጠ ሰው ጩኸት ነው ብለን ቀለድን። አንዷ ልጅ ሃዋይ አይደል እንዴ ብላ ሰንደል ብቻ ይዛ መጣች፣ ሂሎ ገብተን መጀመሪያ የሠራነው ሥራ ለሷ ጫማ መግዛት ሆነ። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ሶሉ ወፍራም፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት የተለማመዱበት ጫማ ይሁን። ረጅም ሱሪ። ቀጭን የሥራ ጓንት፣ ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚዘረጋው እጁን ነው፣ ያ ድንጋይ ደግሞ ብርጭቆ ማለት ነው፣ መዳፍ ይልጣል።

ከዛ፦ ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ 3 ሊትር ውሃ መያዣ (መንገዱ ላይ የሚጠጣ ውሃ የለም)፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ የዝናብ ጃኬት፣ ሹራብና ኮፍያ። ትሮፒካል ነው ብላችሁ ሙቅ ልብስ እንዳትተዉ፣ ካምፑ ላይ ሌሊት ጥርስ ያንገጫግጫል።

የካምፕ ምድጃ ጋዝ በአውሮፕላን አይገባም፣ በእጅም በሻንጣም፣ እዛው ግዙ። ሰንስክሪን ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ፣ ሃዋይ ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት ያለበትን መሸጥ ከልክላለች፣ ኮራሉን ይጎዳል ተብሎ፣ ሚነራል የሚባለውን ያዙ። ጫማችሁን ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት አጥባችሁ ሂዱ። ኦሂያ የሚባለውን የአገሩን ዛፍ የሚገድል ፈንገስ አለ፣ በጫማ ጭቃ ይተላለፋል፣ የእግር መንገዶቹ መግቢያ ላይ ለዚህ ተብሎ ብሩሽ ተቀምጦ ታያላችሁ፣ ስትገቡም ስትወጡም ፈግፍጉ። ይህን ሥራ ለሁለት ልጅ ስጡ፣ በተራ ጫማ የሚቆጣጠሩ። ፖሊስ ሆኑብን እኮ፣ እኔን ራሴን ሁለቴ መልሰውኛል።

4. በየቀኑ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሚደረግ

ይሄ የጉዞው ዋና ነገር ነው። ኪላዌያ ከዲሴምበር 23፣ 2024 ጀምሮ አናቱ ላይ እየቆመ እየቀጠለ ሲፈነዳ ከርሟል፣ ለሰዓታት ላቫ ወደ ላይ ይረጫል፣ ከዛ ፀጥ ይላል፣ ቀናት ያልፋሉ፣ እንደገና። ስለዚህ "ማክሰኞ ላቫ እናያለን" ብላችሁ ለልጆች ቃል እንዳትገቡ። ቃል መግባት የምትችሉት እናያለን እንሞክራለን ብቻ ነው።

የምታደርጉት ይህን ነው። ቁርስ ሳይበላ አንድ አዋቂና ሁለት ልጅ ስልክ ይዘው ይቀመጣሉ። አንደኛ የዩኤስጂኤስ (እሳተ ገሞራውን የሚከታተለው የአሜሪካ መንግሥት የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት) ገጽ ላይ የዕለቱን የኪላዌያ ሪፖርት ያነባሉ፣ ቀጥታ ካሜራዎቹንም እዛው ያያሉ። ሁለተኛ የፓርኩን ገጽ፣ የተዘጋ መንገድ አለ ወይ። ሦስተኛ የአየር ጥራት፣ ፓርኩ ራሱ በየቦታው የሰልፈር ዳይኦክሳይዱን መጠን በቀለም ያወጣል። አራተኛ የአየር ጠባይና የባሕር ማዕበል። ከዛ ልጆቹ ራሳቸው ለቡድኑ ያነባሉ፣ እኛ አይደለንም። ይሄ የገባኝ ሦስተኛው ቀን ላይ ነው፣ እኔ ዛሬ አንሄድም ስል ጉርምርምታ ነበር፣ የ15 ዓመቷ ልጅ ቀለሙ ቀይ ነው ነፋሱም ወደኛ ነው ብላ ስትናገር ግን ማንም ትንፍሽ አላለም።

ለእያንዳንዱ ቀን ፕላን ሀ እና ፕላን ለ ይኑራችሁ፣ ፕላን ለ ደግሞ ደሴቱ ላይ ሌላ አካባቢ ይሁን። ተራራው ላይ ጋዝ ከሆነ ወደ ሂሎ ውረዱ፣ አካካ ፏፏቴ አለ፣ 135 ሜትር ነው የሚወረወረው፣ አጭር መንገድ ነው፣ በዝናብም ያምራል እንዲያውም።

ላቫው ከፍ ብሎ በሚረጭበት ቀን ሌላም ነገር አለ። የፔሌ ፀጉር የሚሉት፣ ፔሌ የእሳተ ገሞራዋ አምላካቸው ናት፣ ላቫው አየር ላይ ተስቦ እንደ ክር የቀጠነ ብርጭቆ ነው። እኛ ቫኑ ላይ ነው ያገኘነው፣ የፊት መስታወቱ ሥር ወርቃማ ፀጉር የመሰለ ነገር ተከማችቶ፣ ልጆቹ ሊያነሱት እጃቸውን ሲሰዱ ነው የጮህኩት። ቆዳ ውስጥ ይሰካል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ጣጣ ነው። አትንኩት፣ ዓይናችሁን አትሹ፣ መስታወቱን በውሃ አጥቡ እንጂ ደረቁን ዋይፐር አትክፈቱበት።

5. ኪላዌያ ኢኪ፣ የመጀመሪያው የእግር ጉዞ

ከዚህ ጀምሩ። ፓርኩ ውስጥ ያለ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው። የእግር መንገዱ ዙሪያውን 5.3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ 120 ሜትር ያህል ትወርዳላችሁ፣ የበረደውን የላቫ ሐይቅ መሃል ለመሃል ታቋርጣላችሁ፣ በሌላው በኩል ትወጣላችሁ። ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይባላል፣ ከቲንኤጀር ጋር አራት ያዙ፣ ፎቶው አያልቅም።

በ1959 ይሄ ጉድጓድ ነው የፈነዳው፣ ላቫው 580 ሜትር ድረስ ተረጭቷል። ይህን ከላይ ሆናችሁ ንገሯቸው፣ ጉድጓዱን እያዩ፣ ታች ከወረዱ በኋላ አይሰሙም። አወራረዱ ጫካ ነው፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ፈርን፣ የሚንጠባጠብ ውሃ፣ ደረጃው ያንሸራትታል። ከዛ ድንገት ዛፉ ያልቅና ጥቁር ሜዳ ላይ ትወጣላችሁ። ወለሉ ተሰነጣጥቆ እንደ ተሰበረ አስፋልት ተነሳስቷል፣ አንዳንዱ ስንጥቅ ውስጥ ቀይ አበባ ያላት ትንሽ ኦሂያ በቅላ ታያላችሁ፣ ከአንዳንዱ ደግሞ እንፋሎት ይወጣል፣ እጅ ስታስጠጉ ይሞቃል። ከልጆቹ አንዱ ተንበርክኮ ጆሮውን ድንጋዩ ላይ ለጥፎ ቆየና "ጋሼ፣ ምንም አይሰማም" አለኝ፣ እንደ ቅሬታ።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መንገዱ ላይ ሁኑ፣ ፀሐዩ ጥቁሩ ወለል ላይ ሲበረታ ምጣድ ነው፣ መኪና ማቆሚያውም ይሞላል። ከፊት አንድ አዋቂ፣ ከኋላ አንድ አዋቂ፣ ከፊተኛው ማንም አይቀድም ከኋለኛው ማንም አይቀርም። በየ20 ደቂቃው ቆማችሁ ቁጠሩ፣ እኛ ለሁሉም ቁጥር ሰጥተን ራሳቸው ይጠሩ ነበር። መንገዱን የሚያሳዩት የተከመሩ ድንጋዮች ናቸው፣ እነሱን ተከተሉ፣ የራሳችሁን ክምር ደግሞ አትሥሩ፣ ቀጣዩን ሰው ታሳስቱታላችሁ። ከክምሩ ውጭ መርገጥ የለም፣ ቅርፊቱ ሥሩ ባዶ የሆነበት ቦታ አለ። ጉም ከገባ ቁሙ፣ ጠብቁ።

አጥር ነገር ላይ ቀልድ የለም። በ2019 አንድ ሰው የኪላዌያን መመልከቻ አጥር ተሻግሮ ወደ 20 ሜትር ገደማ ወድቋል፣ በሕይወት የወጣው በዕድል ነው። እኛ ደንባችን አንድ ነበር፣ አጥር የተሻገረ የዛን ቀን ቀሪውን ቫን ውስጥ ነው። አንዴ ተፈጸመ፣ ሁለተኛ አላስፈለገም።

የፓርኩ መግቢያ ለአንድ የግል መኪና 30 ዶላር ነው፣ ለ7 ቀን ይሠራል፣ ካሽ አይቀበሉም። ፓርኩ ውስጥ ነዳጅ የለም፣ ሞልታችሁ ግቡ።

6. ወደ ባሕሩ መውረድና መሬት ቢንቀጠቀጥ

ቼይን ኦፍ ክሬተርስ የሚባለው መንገድ ከላይ እስከ ባሕሩ 30 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፣ ላቫ የዋጠው አሮጌ መንገድ ያለበት ነው። ወደ መጨረሻው ስትቃረቡ ፑኡሎአ የሚባል ቦታ ላይ ቁሙ፣ ድንጋይ ላይ የተቀረጹ ከ23,000 በላይ ምስሎች አሉ፣ በእንጨቱ መሄጃ ላይ ሆናችሁ ነው የምታዩት፣ መርገጥ መንካት አይቻልም። ጥላ የሚባል የለም፣ ውሃ ይኑራችሁ።

ታች ስትደርሱ ልጆቹን ሰብስባችሁ ስለ ሃላፔ ንገሯቸው። ከዛው ጠረፍ ወደ ምዕራብ ያለ የካምፕ ቦታ ነው። ኖቬምበር 29፣ 1975 ሌሊት 32 ሰው እዛ ተኝቶ ነበር፣ ቦይ ስካውት ልጆችም ነበሩበት። መጀመሪያ አንድ መንቀጥቀጥ መጣና ከገደሉ ድንጋይ ተንከባለለ፣ አንዳንዶቹ ድንጋዩን ሸሽተው መኝታቸውን ወደ ባሕሩ አስጠጉ። ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ቆይቶ 7.7 የሆነው ትልቁ መጣ፣ ጠረፉ ራሱ ወደ ታች ሰመጠ፣ ከዛ ሱናሚው። ሁለት ሰው ሞተ። ይህን ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን ኪሱ የከተተ ልጅ አየሁ።

ስለዚህ መመሪያው አጭር ነው፦ ባሕር ዳር ሆናችሁ መቆም እስኪያቅታችሁ ከተንቀጠቀጠ ሳይረን አትጠብቁ፣ ዕቃ አታንሱ፣ መንቀጥቀጡ እንዳቆመ ከተንጠለጠለ ድንጋይ ርቃችሁ ወደ ከፍታ ሂዱ፣ እዛው ቆዩ። ማዕበሉ አንድ ብቻ አይደለም የሚመጣው። በየደረሳችሁበት ዳርቻ መጀመሪያ የምትጠይቁት "ከዚህ ወደ ላይ በየት ነው" ይሁን፣ ለልጆቹ ጥያቄ አድርጉት። ሳይረን ስላነሳሁ፣ በየወሩ የመጀመሪያ የሥራ ቀን ከረፋዱ 5፡45 ላይ ለሙከራ ይጮኻል፣ አስቀድማችሁ ካልነገራችኋቸው ልክ እንደኛ አይስክሬም ጥሎ የሚሮጥ ታያላችሁ።

7. ባሕሩ

ኮና በኩል ስትሻገሩ ነው የሚሻለው። ላይፍጋርድ ያለበት ቦታ ብቻ ምረጡ፣ ሃፑና አለ ለዋና፣ ካሃሉኡ አለ ለስኖርክል (በማስክና በቱቦ እየተነፈሱ የባሕሩን ውስጥ ማየት) ጀማሪ። ጥንድ ጥንድ አድርጓቸው፣ ጥንዱ አንድ ላይ ይገባል አንድ ላይ ይወጣል። አንድ አዋቂ ውሃ ውስጥ፣ አንዱ ዳር ላይ ቆሞ ቆጣሪ፣ ቆጣሪው ስልክ አይዝም። ኮራል ላይ መቆም ክልክል ነው፣ ማስኩ ውሃ ካስገባ ጀርባ ላይ መንሳፈፍ ነው። ወደ ውስጥ የሚስብ ጅረት ከያዛችሁ አትታገሉት፣ ተንሳፈፉ፣ እጅ አውለብልቡ፣ ወደ ጎን ዋኙ።

አረንጓዴው የባሕር ኤሊ በሕግ የተጠበቀ ነው፣ ቢያንስ 3 ሜትር ራቁ። ፑናሉኡ የሚባለው ዳርቻ ጥቁሩ አሸዋ ላይ ተኝተው ታገኟቸዋላችሁ፣ ድንጋይ ይመስላሉ፣ አንዱ ልጃችን ሊቀመጥበት ነበር።

ወንዝና የፏፏቴ ገንዳ ውስጥ ግን አትግቡ ነው የምለው። ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ ጨዋማ ባልሆነው ውሃ ውስጥ አለ፣ የተላጠ ቆዳ በቂው ነው፣ ከላቫ ድንጋይ በኋላ ደግሞ ያልተላጠ ልጅ የት ይገኛል። ላይ ዝናብ ከዘነበ ደግሞ እናንተ ጋ ፀሐይ ሆኖ ጎርፉ ይመጣል። አትክልቱንም በደንብ አጥቡ፣ በቀንድ አውጣ በኩል የሚመጣ የጭንቅላት በሽታ የሚያመጣ ትል አለ፣ ሰላጣውን ቅጠል በቅጠል።

8. ማውና ኬያ፣ ኮከብ ለማየት

የተራራው ጫፍ 4,207 ሜትር ነው፣ እኛ ግን ጫፍ አልወጣንም፣ የጎብኚ ጣቢያው 2,800 ሜትር ላይ ነው እሱ ይበቃል። ከጣቢያው በላይ አራቱም ጎማ የሚስብ መኪና ግዴታ ነው፣ አየሩም ሳስቶ ራስ ምታት ያመጣል፣ ስኩባ የጠለቀ ሰው ደግሞ 24 ሰዓት ሳይሞላው ወደ ላይ መውጣት የለበትም። ከፀሐይ መጥለቂያ በፊት ድረሱ፣ ሹራቡን ሁሉ ደርቡ፣ ነጭ ባትሪ አጥፉ፣ ቀይ መብራት ብቻ። 20 ደቂቃ ያለ ስልክ ዓይን እስኪለምድ። እውነት ለመናገር ሙሉ ጉዞው ውስጥ 11ዱም አንድ ላይ ዝም ያሉት እዛ ብቻ ነው።

9. መመለሻ

ከመሄዳችሁ በፊት ያለው ማታ ሁሉም ሰው ኪሱንና ቦርሳውን ይገልብጥ። ከፓርኩ ድንጋይም አሸዋም መውሰድ ክልክል ነው፣ ለአገሩ ሰዎች ደግሞ የፔሌ ንብረት ነው፣ ወስደው ተፀፅተው በፖስታ የሚመልሱ ሰዎች ሁሉ አሉ። እኛ አራት ድንጋይ አገኘን፣ አንዱ የአዋቂ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ፓርኩን አልፈን ስለነበር አንድ ቫን ሁለት ሰዓት ነድቶ ሊመልስ ሄደ፣ ድንጋዩን የወሰዱት ናቸው የሄዱት። ይህን ማጣሪያ ከፓርኩ በምትወጡበት ቀን ብታደርጉት ይሻላችኋል።

ኤርፖርት ላይ ሻንጣ ከማስረከባችሁ በፊት የግብርና ፍተሻ አለ፣ ወደ ዋናው አሜሪካ የሚሄድ ሁሉ ያልፍበታል። አናናስና ኮኮናት ያልፋል፣ ትኩስ ማንጎ ግን አያልፍም፣ ፓፓያም ተገቢው ሕክምና ተደርጎለት የታሸገ ካልሆነ ይወሰዳል። ለዚህ ብቻ 30 ደቂቃ ጨምሩ። እኛ ስድስት ፓፓያ ይዘን ደርሰን መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመን ጨረስናቸው፣ ቢላው ሻንጣ ውስጥ ታሽጎ ስለነበር በመኪና ቁልፍ ነው የከፈትናቸው።